ካዝናው ውስጥ ያለው ሳህን፦ የቶሮንቶ የሆኪ ዝነኞች አዳራሽና የ1917–18 የውድድር ዘመን

ወደ ቶሮንቶ የሚመጡ ወዳጆቼ የሆኪ ዝነኞች አዳራሽ ለመግቢያ የሚከፈልበትን ያህል ያወጣ እንደሆነ ሲጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፤ ያወጣል፣ ነገር ግን ከመሄዳችሁ በፊት የአንድ የውድድር ዘመን ታሪክ ይዛችሁ ግቡ። ያ የውድድር ዘመን ዛሬ ኤንኤችኤል እየተባለ የሚጠራው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደበት የ1917–18 ዘመን ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን ምክር የምሰጠው አዳራሹ የሚታይ ነገር ስላነሰው ሳይሆን ሀብቱ ስለበዛ ነው። መለያው፣ መንሸራተቻ ጫማው፣ ዱላው፣ የበረኛ ጭምብሉና ዋንጫው በየርዕሱ ተደርድሮ ስለሚጠብቅ፣ የሚከተለው ክር የሌለው ጎብኚ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፎቶግራፍ ሲያነሳ ቆይቶ ምን እንዳየ በቅጡ ሳያውቅ ሊወጣ ይችላል። እኔም በመጀመሪያው ጉብኝቴ የሆንኩት ይህንኑ ነው።

እስካሁን ሦስት ጊዜ ገብቻለሁ፤ በመጀመሪያ ከአዲስ አበባ ከመጡ ዘመዶቼ ጋር፣ ቀጥሎ ከአስጎብኚ ጋር፣ ባለፈው የብርድ ወራት ደግሞ በሰፈራችን የልጆች ቡድን በረኛ ሆና ከምትጫወተው የ11 ዓመት ልጄ ጋር። ከሁሉም የተሳካው የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ሊግ ታሪክ ለሳምንት ያህል ማታ ማታ ስነግራት ከርሜ ስለነበር፣ እሷ በየመስታወቱ ፊት የምትቆመው የምታውቀውን ሰው እንደምትፈልግ ሆና ነበር።

አዳራሹ የሚገኘው ያንግና ፍሮንት ጎዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ነው። ከውጭ የሚታየው በድንጋይ ቅርጽ ያጌጠ ሕንፃ በ1885 የሞንትሪያል ባንክ ቅርንጫፍ ሆኖ የተሠራ ሲሆን፣ የሆኪ ዝነኞች አዳራሽ እዚህ የገባው በ1993 ነው። የጎብኚ መግቢያው ግን በአሮጌው ሕንፃ በር ሳይሆን ብሩክፊልድ ፕሌስ በሚባለው የቢሮና የገበያ ሕንፃ ምድር ቤት በኩል ነው። ከዩኒየን ባቡር ጣቢያ ተነስቶ በምድር ውስጥ መተላለፊያው የሚመጣ ሰው በረዶ ሳይረግጥ ይደርሳል፤ ሕፃንና አረጋዊ ይዞ ለሚወጣ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምድር ቤቱ ውስጥ የሞንትሪያል ካናዲየንስ ቡድን የመልበሻ ክፍል እንዳለ ተመስሎ ተሠርቷል፤ ልጆች ግብ የሚሞክሩበትና ግብ የሚያድኑበት ቦታም አለ። ልጅ ይዞ የሚገባ ሰው በዚህ ክፍል ብዙ ጊዜ እንደሚያልፍበት አውቆ ቢገባ መልካም ነው።

የጥንቶቹን የእንጨት ዱላዎች ሳይ ቆም ማለቴ አልቀረም። የሆኪ ዱላ ጫፉ ቆልመም ያለ ነው፤ ገና ይዞ ሩር ሲያሳድድ ያደገ ሰው ሲያየው እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ እዚህ የሚመታው ሩር ሳይሆን ፓክ የሚባለው ጥቁር የጎማ ክብ መሆኑ፣ ሜዳውም በረዶ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። ሊጉ የተወለደው በጠብ ነው። ከ1909 መጨረሻ ጀምሮ በምሥራቅ ካናዳ ብሔራዊ የሆኪ ማኅበር የሚባል የፕሮፌሽናል ውድድር ነበረ፤ የቶሮንቶው ቡድን ባለቤት ኤዲ ሊቪንግስተን ደግሞ ከሌሎቹ የቡድን ባለቤቶች ጋር በየጊዜው እየተጋጨ የማኅበሩን ስብሰባ ሁሉ የክርክር መድረክ አድርጎት ነበር። ሰውየውን ከማኅበሩ ማስወጣት ሲያዳግታቸው እነሱ ራሳቸው ማኅበሩን ትተውለት ወጡ፤ ከአንድ ጎረቤት ለመላቀቅ ሲባል ግቢውን እንዳለ ጥሎለት ከጎኑ ሌላ ቤት እንደ መሥራት ማለት ነው። ኖቬምበር 26 ቀን 1917 በሞንትሪያል ከተማ በዊንዘር ሆቴል ተሰብስበው አዲሱን ሊግ መሠረቱ፤ የቀድሞው ማኅበር ጸሐፊ የነበረውን ፍራንክ ካልደርንም ፕሬዚዳንት አድርገው ሾሙት። ከሞንትሪያል ካናዲየንስና ዋንደረርስ፣ ከኦታዋ ሴናተርስ፣ ከቶሮንቶ ደግሞ የአሪና ጋርደንስ ስታዲየም ባለቤት በሆነው ኩባንያ የሚመራ ቡድን ለውድድር ቀረቡ። የኩቤክ ከተማ ቡድን በዚያ ዓመት መወዳደር ስላልቻለ ተጫዋቾቹ ለሌሎቹ ተከፋፈሉ። ካናዳ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ በዚያው ዓመት የግዳጅ ውትድርና ሕግ ወጥቶ ስለነበር ብዙ ወጣት ከሜዳ ይልቅ በጦር ግንባር ነበረ። ሊግ ለመጀመር ከዚህ የከፋ ጊዜ መምረጥ ያስቸግራል።

የመክፈቻው ምሽት ዲሴምበር 19 ቀን 1917 ነበር። በሞንትሪያል አሪና ዋንደረርስ ቶሮንቶን 10 ለ9 ሲያሸንፍ፣ የሊጉን የመጀመሪያ ግብ የዋንደረርሱ ዴቭ ሪቺ አስቆጠረ፤ የቡድን ጓደኛው ሃሪ ሃይላንድ ደግሞ ብቻውን 5 ግብ አገባ። ዩኒፎርም ለብሰው የመጡ ወታደሮች በነፃ እንዲገቡ ተፈቅዶ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ስታዲየሙ ውስጥ የተገኘው ሰው 700 ገደማ ብቻ ነበር። 19 ግብ በተቆጠረበት ምሽት አብዛኛው መቀመጫ ባዶ ነበር ማለት ነው። በዚያው ምሽት በኦታዋ ካናዲየንስ ሴናተርስን 7 ለ4 ረታ፤ ከኩቤክ ወደ ካናዲየንስ የተዛወረው ጆ ማሎንም 5 ግብ አስቆጠረ።

ልክ በሁለት ሳምንቱ መከራው መጣ። ጃንዋሪ 2 ቀን 1918 ሞንትሪያል አሪና በእሳት ወደመ። ዋንደረርስ እስከዚያ ቀን 4 ግጥሚያ አድርጎ ያሸነፈው የመክፈቻውን ብቻ ነበር፤ ባለቤቱ ሳም ሊክተንሃይንም የተጫዋች እጥረት አለብኝ፣ ከሌሎቹ ቡድኖች ሰው ይሰጠኝ እያለ ሲያመለክት ቆይቶ ነበር። እሳቱ ሜዳውን ሲወስድበት ቡድኑን ከሊጉ አስወጣ፤ ቀጥለው የነበሩት ሁለት ግጥሚያዎች በፎርፌ ተመዘገቡበት፤ ከዚያ ወዲህ ዋንደረርስ የሚባል ቡድን በሊጉ አልታየም። በዚያው ስታዲየም ይጫወት የነበረው ካናዲየንስ ግን በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል ወደሚገኘው ጁቢሊ ወደተባለ አነስተኛ ሜዳ ተዛውሮ ቀጠለ። አዲሱ ሊግ ከተመሠረተ ሁለት ወር እንኳ ሳይሆነው ሦስት ቡድን ብቻ ቀረው። በዚያን ጊዜ ሊጉ አበቃለት የሚል ሰው ቢኖር ማንም አይፈርድበትም ነበር። ዛሬ ይህን ሁሉ ብርና ወርቅ በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ ሳይ በሐሳቤ የሚመላለሰው ይህ ሳምንት ነው።

ልጄን ከሁሉ የበለጠ የነካት ግን ከእሳቱ በኋላ በሳምንቱ የተደረገው የሕግ ለውጥ ነው። እስከ ጃንዋሪ 9 ቀን 1918 ድረስ በዚህ ሊግ ውስጥ በረኛ ፓክ ለማዳን ብሎ በበረዶው ላይ መውደቅም ሆነ መንበርከክ አይፈቀድለትም ነበር፤ ከወደቀ ይቀጣል። የኦታዋው ክሊንት ቤኔዲክት አዳልጦት የወደቀ እየመሰለ ደጋግሞ በጉልበቱ ስለሚያርፍ ጸሎተኛው ቤኒ የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር። እየተመላለሰ ከመቅጣት መፍቀድ ይሻላል ተብሎ ሕጉ ተለወጠ። የበረኞች ጭምብል ከተደረደረበት መስታወት ፊት ቆመን ይህን ስነግራት ልጄ ቀና ብላ አየችኝና፣

«አባዬ፣ ታዲያ ከታች የሚመጣውን እንዴት ያድኑት ነበር?» አለችኝ።

«ቆመው ነዋ፣ በእግራቸውና በዱላቸው።»

«እኔ ብሆን በአንድ ጨዋታ 100 ጊዜ እቀጣ ነበር» አለች፤ እውነቷን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እሷን ስመለከት ከምትቆምበት ጊዜ የምትንበረከክበት ይበልጣል፤ የጉልበት መከላከያዋ ፊት ለፊቱ ተፍቆ ነጭ ሆኗል። የዛሬ በረኛ ሙያ ያለ ጉልበት የማይታሰብ ስለሆነ፣ የዚያ ቀን ውሳኔ ከ100 ዓመት በኋላ በእኛ ሰፈር ሜዳ ላይ በየሳምንቱ ይታያል።

ማሎን በዚያ ዘመን በ20 ግጥሚያ 44 ግብ አስቆጠረ። ይህን ቁጥር በአንድ የውድድር ዘመን ለማለፍ ሊጉ እስከ 1944–45 መጠበቅ ነበረበት፤ ያን ጊዜ ሞሪስ ሪሻር 50 ግብ አገባ፤ የተጫወተው ግን 50 ግጥሚያ ነበር። በግጥሚያ ከሁለት ግብ በላይ ያገባው የማሎን አማካይ እስከ ዛሬ ማንም አልደረሰበትም። የካናዲየንሱ በረኛ ጆርጅ ቬዚና ደግሞ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1918 ቶሮንቶን 9 ለ0 ባሸነፉበት ግጥሚያ፣ በሊጉ ታሪክ ግብ ሳይቆጠርበት የወጣ የመጀመሪያው በረኛ ሆነ። 10 ለ9 በሚጠናቀቅ ግጥሚያ በተከፈተ ሊግ ውስጥ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ቬዚና በ1926 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ የዓመቱ ምርጥ በረኛ ዛሬም የሚሸለመው በእሱ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ነው።

የውድድር ዘመኑ በሁለት ዙር የተከፈለ ነበር፤ የመጀመሪያውን ካናዲየንስ፣ ሁለተኛውን ቶሮንቶ አሸነፈ። ሁለቱ ተገናኝተው በሁለት ግጥሚያ የግብ ድምር ቶሮንቶ 10 ለ7 አለፈ፤ ከዚያም ለታላቁ የሆኪ ሽልማት ለስታንሊ ዋንጫ በምዕራብ ጠረፍ ይካሄድ ከነበረው ሌላ ሊግ ተወካይ ከቫንኮቨር ሚሊየነርስ ጋር በገዛ ሜዳው ተፋጠጠ። እዚህ ላይ ታሪኩ ይጣፍጣል። የምዕራቡ ሊግ በአንድ ቡድን 7 ሰው ያሰልፍ፣ ፓክንም ወደፊት አሻግሮ ማቀበልን ይፈቅድ ነበር፤ የምሥራቁ ግን 6 ሰው ብቻ ያሰልፍ፣ ወደፊት ማቀበልንም ይከለክል ነበር። ስለዚህ አንዱን ግጥሚያ በምሥራቁ፣ ቀጣዩን በምዕራቡ ሕግ እያፈራረቁ ተጫወቱ። አምስት ግጥሚያ ተደርጎ እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ሕግ የተጫወተውን ሁሉ አሸነፈ፤ ቫንኮቨር በአራተኛው 8 ለ1 ቢያሸንፍም አምስተኛው በምሥራቁ ሕግ ስለነበር ማርች 30 ቀን ኮርቤት ዴነኒ ባስቆጠራት የማሸነፊያ ግብ ቶሮንቶ 2 ለ1 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። በእኔ እምነት የተሻለው ጨዋታ የምዕራቡ ነበር፤ አሸናፊው ሊግ ራሱ በቀጣዩ ዓመት በሜዳው መሀል ክፍል ወደፊት ማቀበልን መፍቀዱ ለዚህ ምስክር ይሆነኛል።

ይህን ይዞ ወደ ላይ ወደ ታላቁ አዳራሽ የሚወጣ ሰው ሌላ ቦታ የገባ ይመስለዋል። ከምድር ቤቱ ጫጫታ በኋላ ጸጥታው ራሱ ይሰማል። ከላይ በባለቀለም መስታወት የተሠራው የድሮው ባንክ ጉልላት ብርሃኑን ያወርዳል፤ ከሥሩ የሊጉ ዋንጫዎች ቆመዋል። የካልደርንና የቬዚናን ስም የተሸከሙትን ዋንጫዎች ጎን ለጎን ማየት የዚያን የመጀመሪያ ዘመን ሰዎች በአካል እንደ ማግኘት ነው። በግድግዳው ላይ በመስታወት ከተቀረጹት የዝነኞች ምስሎች መካከል ቬዚና፣ ማሎን፣ ቤኔዲክት፣ ሃይላንድና ካልደር አሉ። ኤዲ ሊቪንግስተን የለም። ሰውየው ለአብሮ ሥራ አስቸጋሪ እንደነበር አልክድም፤ ሆኖም የቶሮንቶ አሸናፊ ተጫዋቾች በመሠረቱ እሱ የሰበሰባቸው ነበሩ፣ ሊጉም ያለ እሱ በዚያ መልክ አይወለድም ነበር። ታሪክን ለመንገር የተቋቋመ ቤት ውስጥ ስሙ ጎላ ብሎ ቢነገር ደስ ይለኛል።

ጎብኚው ሁሉ ፎቶግራፍ የሚነሳው ከረጅሙ የስታንሊ ዋንጫ ጋር ነው፤ ዋንጫው ለጉዞ ሲወጣ በቦታው ቅጂው ይቆማል። እኔ የምመክረው ግን ከዚያ አልፎ ወደ ባንኩ የድሮ ካዝና መግባትን ነው። ወፍራሙ የብረት በር ተከፍቶ ቆሟል፤ በውስጡ ሁለት እጅ አቅፎ ሊያነሳው የሚችል፣ ከፍታው 18 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ብቻ የሆነ የብር ሳህን አለ። የካናዳ ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ሎርድ ስታንሊ በ1892 ጊኒ በሚባለው የእንግሊዝ ገንዘብ በ10 ጊኒ ያስገዙት የመጀመሪያው ሳህን ይህ ነው፤ ብሩ ከእርጅና የተነሳ መሰባበር ስለሚችል በ1970 ከአገልግሎት ወጥቶ ለአዳራሹ ተሰጠ። ስለዚህ በማርች 1918 ቶሮንቶና ቫንኮቨር የተፋለሙለት ይኸው ራሱ ሳህን እንጂ ምሳሌው አይደለም። የአሸናፊው ቡድን ስም በዚያው ዓመት አልተቀረጸበትም፤ በዋንጫው ላይ የተጨመረው በኋላ ዘመን ነው። በሳህኑ ውስጠኛ ክፍል የተቀረጹ የተጫዋቾች ስሞች ግን አሉ፤ የ1907 አሸናፊዎች፣ የሞንትሪያል ዋንደረርስ ተጫዋቾች። ሊጉን 10 ለ9 በማሸነፍ ከፍቶ፣ ቤቱ ተቃጥሎበት በሁለት ሳምንት ገደማ የጠፋው ቡድን ስም በዚያ ብር ውስጥ ተቀምጧል። ይህን አውቆ ካዝናው ፊት የቆመ ሰው በ3 ደቂቃ አይወጣም፤ እኔና ልጄ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተናል።

3 ደቂቃ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለተኛው ጉብኝቴ ከከተማዋ አስጎብኚዎች ከአንዱ ጋር ተስማምቼ፣ ለአስጎብኚው ለብቻው ከፍዬ ነበር። ቡድናችን ካዝናው ውስጥ የቆየው ከዚያ ባልበለጠ ጊዜ ነው፤ በዚያች አጭር ጊዜም የ1918ቱን ዋንጫ የወሰደው የዛሬው የቶሮንቶ ቡድን ማፕል ሊፍስ ነው ተብሎ ተነገረን። ማፕል ሊፍስ የሚለው ስም የመጣው በ1927 ነው፤ በ1918 ያሸነፈው በስታዲየሙ ኩባንያ የሚመራው፣ በኋላ አሪናስ እየተባለ የሚታወቀው ቡድን ነበር። ስህተቱን በትሕትና ሳነሳ ሰዓት የለንም ተብሎ ታለፈ። ገንዘብ ተቀብሎ ታሪክ የሚነግር ሰው ቢያንስ የመጀመሪያውን አሸናፊ ስም ማወቅ ይገባዋል፤ ለዚያ አገልግሎት የከፈልኩት ገንዘብ አሁንም ይቆጨኛል። አዳራሹ የራሱ ጽሑፍ በየመስታወቱ ሥር ስላለው ከውጭ አስጎብኚ መቅጠር አያስፈልግም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚቻለው ሰው በሥራ ቀን ጠዋት፣ በሩ እንደተከፈተ ይግባ፤ ቅዳሜና እሑድ በካዝናው በር ላይ ሰልፍ ስለሚበዛ ቆሞ ማንበብ ያስቸግራል። ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይያዝ፤ ልጅ ካለ ከምድር ቤቱ ጨዋታ ተጀምሮ ካዝናው ለመጨረሻ ቢቆይ ይሻላል፣ ልጅ ጉልበቱን ከጨረሰ በኋላ ነው ጸጥ ብሎ የሚያዳምጠው።

ሲወጡ ደግሞ ወደ ሰሜን 20 ደቂቃ ያህል በእግር ሄዶ ሙቹዋል ጎዳና መድረስ ይቻላል። በ1912 ተከፍቶ ሰው ሠራሽ በረዶ የነበረው፣ አምስቱም የፍጻሜ ግጥሚያዎች የተደረጉበት አሪና ጋርደንስ የነበረው እዚያ ነው፤ በ1989 ተዘግቶ ፈርሷል፣ ዛሬ መኖሪያ ቤቶች ቆመውበታል። እኔና ልጄ ስንደርስ በረዶ እየጣለ ነበር። ልጄ ኮፍያዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ሕንፃዎቹን ስታይ ቆየችና በረኛው የት ጋ ይቆም እንደነበር ጠየቀችኝ፤ ቦታውን በትክክል ስለማላውቅ አብረን በእግረኛ መንገዱ ላይ እየተመላለስን ስንገምት መሸብን።